ታንኳ ላይ ረጅም ካፖርት ይቅር

ሰኔ ገብቷል። በዚህ ገጽ እስካሁን ስለ ማዳበሪያ አጣጣል፣ ስለ ሩዝ አረም፣ ስለ ከብት ክትባት ስንነጋገር ነው የቆየነው። የዛሬው ስለ ልብስ ነው። «የግብርና ሠራተኛ ስለ ልብስ ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ያገባኛል። ማሳው ላይ የሚዘንበው ዝናብ ሰውየውም ላይ ይዘንባል። ስለ ዘሩ ስንት ጊዜ ጽፌ ስለ ዘሪው አንድ ቀን አለመጻፌ የራሴ ጥፋት ነው።

ነገሩን ያስነሳኝ ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ ያየሁት ነው። አንድ ነጋዴ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ እንደ ጎማ የከበደ የዝናብ ካፖርት አንጠልጥሎ «ይሄ ወፍራም ነው፣ ዕድሜ ልክዎን ይለብሱታል» ይላል። ገዢው ሽምግልና የጀመራቸው፣ በደንገል ታንኳ ሲያሰግሩ የኖሩ ሰው ናቸው። «አያ፣ ለምን ሥራ ነው የሚገዙት?» አልኳቸው። «ለባሕሩ ነው እንጂ ልጄ፣ ለሌላ ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ። ለታንኳ እንደማይሆን መናገር ስጀምር ነጋዴው «አንተ ልብስ ሰፊ ነህ እንዴ?» አለኝ። ሰው ሳቀ። አያም ከፍለው ሄዱ። እዚያ ያልጨረስኩትን ክርክር እዚህ ልጨርሰው።

አቋሜ ይሄ ነው፦ እንደ ጣና ባለ ሞቅ ያለ ክረምት፣ ለዓሣ ሥራ፣ ረጅሙ ወፍራም ካፖርት መጥፎ ልብስ ነው። ከፌስታል የማትሻለው ስስ ላስቲክም መጥፎ ናት። ገበያውን የያዙት እነዚህ ሁለቱ ስለሆኑ ሰው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ያለበት ይመስለዋል። የለበትም። የሚበጀው አጭር ጃኬትና ለብቻው የሆነ ሱሪ ወይም ሽርጥ ነው፤ ጨርቅ ላይ የተለበጠ፣ ስፌቱ የታሸገ፣ አየር መውጫ ያለው፣ ከሩቅ የሚታይ።

መጀመሪያ አየሩን እንይ። ጣና ያለው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ባሕር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ ሐምሌና ነሐሴ ብቻቸውን ከግማሽ በላይ ይይዛሉ። ዝናቡ ብዙ ነው፣ ይሄን ማንም አይክድም። ብርዱስ? በክረምት ቀን ላይ 23 እና 24 ዲግሪ ይደርሳል። ይሄ ጉና ተራራ አይደለም። ጉና ላይ በግ የሚጠብቅ ልጅ ወፍራም ካፖርት ቢደርብ አልቃወምም፣ ቢችል ሁለት ይደርብ። ጣና ላይ የሚያስፈልገን ውሃ የሚከለክል ልብስ እንጂ ሙቀት የሚያፍን ልብስ አይደለም። ጫሞና አባያ ላይ ያላችሁ ደግሞ ከዚህ የባሰ ሞቃት ቦታ ናችሁ፤ ዋናው ዝናባችሁ ሚያዝያና ግንቦት ስለሆነ ይሄ ጽሑፍ ቢዘገይባችሁም ለሚቀጥለው ያዙት።

መቅዘፍ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ቀላል ይመስላል። እስቲ ቀዝፉና እዩት። ጉልበት የሚያወጣ ሰው በሰዓት ከግማሽ ሊትር በላይ ሊያልበው ይችላል። ያ ላብ የጎማ ካፖርት ውስጥ መውጫ የለውም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሸሚዙን ብትጨምቁት ውሃ ይወርደዋል፤ ዝናቡ ግን ገና አልጀመረም። ከዚያ ምን ይሆናል? ሰውየው ይታፈንና ቁልፉን ይፈታል፣ ወይም ካፖርቱን አውልቆ ታንኳው ጫፍ ላይ ይጥለዋል። ከሰዓት በኋላ ወጀቡ ድንገት ሲመጣ በላብ የራሰ ገላ ንፋስ ያገኘዋል። ውሃ ሙቀትን የሚያስተላልፈው ከአየር 25 እጥፍ ገደማ ነው፤ ስለዚህ የራሰ ሰው ባልበረደ አገርም ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጡ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረ። ጣት መታዘዝ ያቆማል። መረብ የሚፈታው፣ ገመድ የሚቋጥረው፣ መቅዘፊያ የሚይዘው ጣት ነው። ሌሊት መረብ ለማንሳት የምትወጡት ይሄን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ብዙ ሰው «ካፖርት ውሃ ሲሞላው ይከብድና ያሰምጣል» ይላል። በትክክል እንነጋገር፤ በዚህ ጉዳይ ግማሽ እውነት አይጠቅምም። ከጉድጓድ ውሃ የቀዳ ሰው ያውቀዋል፦ ባልዲው ውሃው ውስጥ እያለ አይከብድም፣ ከውሃው ብቅ ሲል ነው ክንድ የሚጎትተው። ካፖርትም እንደዚያው ነው። ውሃ ውስጥ እያላችሁ በክብደቱ አይደለም የሚጎዳችሁ፤ እንዲያውም ውስጡ የታመቀው አየር ለትንሽ ጊዜ ሊያንሳፍፍ ይችላል። የሚጎዳው ረጅሙ ጫፍ እግር ላይ ሲጠመጠም ነው። እግር ካልተወራጨ ዋና የለም። ሁለተኛው ጉዳት ታንኳው ላይ ተመልሶ ለመውጣት ሲሞከር ይመጣል። ያኔ እጅጌው፣ ኪሱ፣ ኮፍያው የያዘው ውሃ ሁሉ ባልዲ ይሆናል። የደንገል ታንኳ ደግሞ ጠርዙን ይዘው እንዲንጠላጠሉበት አልተሠራም፤ አንዱን ጎን ስትጫኑት ይገለበጣል። በአጭር ጃኬት የወደቀ ሰው ለመውጣት ሁለት ሦስት ጊዜ የመሞከር ዕድል አለው። በረጅም ካፖርት የወደቀ ሰው የመጀመሪያው ሙከራ ላይ ጉልበቱ ያልቃል። ቦቲ ጫማም ያው ነው። ቦቲ ለሩዝ ማሳ ነው፣ ለጭቃ ነው። ታንኳ ላይ በባዶ እግር ወይም ቶሎ በሚወልቅ ጫማ ሁኑ።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ለአባላቱ የዝናብ ልብስ ሲገዛ «ባለሙያ ነህ፣ አማክረን» ተብዬ ነበር። ሦስት ናሙና ቀረበ። ምን አደረግን መሰላችሁ? በእጃችን ከፍ ዝቅ እያደረግን «የቱ ይከብዳል?» ተባባልን፣ ከባዱን መረጥን። ርክክብ ተደረገ፣ ፎቶ ተነሳን። መስከረም ላይ ዓሣ ማውረጃው ጋ ስሄድ ያን ካፖርት ለብሶ ከባሕር የሚመጣ አንድም ሰው አላየሁም። አንዱን ዘበኛ ለብሶታል፤ አንዱ የማገዶ ክምር ሸፍኗል። ለምን ብዬ ስጠይቅ «ያፍነናል»፣ «እግራችንን ያስረናል»፣ «ብብቱ ሄደ» አሉኝ። ማኅበሩ ብሩን አጣ፣ አባላቱ በዚያ ክረምት በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍነው ቀዘፉ፣ እኔ ደግሞ በሪፖርቴ ላይ «የአልባሳት ድጋፍ ተደርጓል» ብዬ ጻፍኩ። ይሄንን የምጽፈው ለዚህም ነው።

«ብብቱ ሄደ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ልብሱ የሄደው በመሃሉ አልነበረም፣ በመሃሉማ እስከ ዛሬ ማገዶ ይሸፍናል። የሄደው በስፌቱ ነው። «ወፍራም ማለት ጠንካራ ማለት ነው» የሚለው እምነት እዚህ ጋ ይወድቃል። የመርፌ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ልብሱ የቱንም ያህል ቢወፍር በመርፌ ተሰፍቶ ከተተወ፣ በየሚሊ ሜትሩ የተበሳ ነው ማለት ነው። ውሃ በዚያ ይገባል። ከዚያም ቀዳፊ ክንዱን ባነሳ ቁጥር ብብቱ ይወጠራል፤ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ወፍራምና የማይለጠጥ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ይተረተራል። ጥሩ የዝናብ ልብስ ስፌቱ ወይ በሙቀት ተጣብቆ የተበየደ ነው፣ ወይ ተሰፍቶ ከውስጥ በኩል ጥብጣብ ተለጥፎበታል። ይሄንን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ልብሱን ገልብጦ ብብቱንና የሱሪውን መሃል ማየት ነው።

ስትገለብጡት ሌላም ነገር እዩ፦ ጨርቅ አለው ወይስ የለውም? ከውስጥ በኩል የተሸመነ ክር ከታያችሁ ጥሩ ነው። ሁለቱም ገጽ እንደ ጠረጴዛ ላስቲክ ልሙጥ ከሆነ ጨርቅ የለውም፤ መንጠቆ አንዴ ከነካው እስከ ታች ይሰነጠቃል። ስለ ጨርቁ ጥንካሬ ደግሞ መረብ የምትገዙ ሰዎች ቋንቋውን ቀድማችሁ ታውቁታላችሁ። የመረብ ክር ላይ «210ዲ» ተብሎ ይጻፍ የለ? ዲው ዴኒየር ማለት ነው፤ 9,000 ሜትር ርዝመት ያለው ክር ስንት ግራም እንደሚመዝን ይናገራል። የዝናብ ልብስ ላይም ያው ምልክት ይመጣል፤ 210ዲ ወይም 300ዲ ፖሊስተር ከሆነ ለዓሣ ሥራ ደህና ነው። «190ቲ» የሚል ካያችሁ ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ በአንድ ካሬ ኢንች ውስጥ ስንት ክር እንዳለ ብቻ ይቆጥራል፣ የክሩን ውፍረት አይነግራችሁም፤ ብዙዎቹ ርካሽና ስስ ልብሶች ይሄንን ነው የሚይዙት። ነጋዴው «190 ትልቅ ቁጥር ነው» ቢላችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉ።

ከጨርቁ ላይ ያለው ልባጥ ብዙ ጊዜ ፒቪሲ ነው። ፒቪሲ በተፈጥሮው ደረቅ ነው፤ የሚለሰልሰው ማለስለሻ ሲጨመርበት ነው። ፀሐይ፣ ቤንዚንና የዓሣ ስብ ያንን ማለስለሻ ቀስ በቀስ ያወጡታል፤ ልብሱ ይገረጣል፣ ይደርቃል፣ በታጠፈበት ይሰነጠቃል። ወፍራም መሆኑ ከዚህ አያድነውም፤ ወፍራም ነገር ሲታጠፍ እንዲያውም ይብስበታል። ፖሊዩሬቴን የተለበጠው (ፒዩ የሚሉት) ቀለል ይላል፣ ይለጠጣል፣ ለሙቀትም ይሻላል፤ ካገኛችሁት እሱን አስቀድሙ። ካላገኛችሁ ጨርቅ ያለው፣ መካከለኛ ውፍረት ያለው ፒቪሲ ይበቃችኋል።

«ፈረንጆቹ እኮ ወፍራም ነው የሚለብሱት» ብሎ የተከራከረኝ አለ። እውነቱን ነው፣ ግን የት አገር? ኖርዌይ ውስጥ ሄሊ ሃንሰን የሚባለውን የዝናብ ልብስ በ1877 እ.ኤ.አ. የጀመረው መርከበኛ ነበር፤ ሸካራ የተልባ እግር ጨርቅ በተልባ ዘይት ነክሮ ነው የሠራው። ተልባን ለምግብ ብቻ የምናውቅ እኛ ይሄን ስንሰማ መገረማችን አይቀርም። ታዲያ ያ ባሕር በረዶ የሚዘንብበት ነው። በዚያ ሁሉ ብርድ እንኳ የዛሬዎቹ ዓሣ አስጋሪዎች የሚሠሩት በአጭር ጃኬትና ደረት ድረስ በሚደርስ ማንጠልጠያ ባለው ሱሪ ነው። እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ካፖርት ለብሶ መረብ የሚጎትት የለም። እንቅዳ ካልን ቅርጹን እንቅዳ፣ ውፍረቱን እዚያው እንተውላቸው።

ስስዋን ላስቲክ በአጭሩ ልለፋት። ዋጋ አልጽፍም፣ እስክታነቡት ይቀየራል። ሒሳቡን ግን በራሳችሁ ሥሩት፦ ከሰኔ መጀመሪያ እስከ መስከረም መጨረሻ፣ ጳጉሜን ሳንቆጥር፣ 120 ቀን ነው። ላስቲኳ 20 ቀን ብትቆይላችሁ ለአንድ ክረምት 6 ትገዛላችሁ። የ6ቱን ዋጋ ደምሩና ከአንድ ጥሩ ጃኬት ጋር አስተያዩት። ጃኬቱ ሦስት ክረምት ከቆየ ደግሞ 18 ላስቲክ ማለት ነው። ርካሽ የመሰለው ነገር ርካሽ የሚሆነው ቅዳሜ ገበያ ላይ ብቻ ነው። ደሃ ስለሆንን ውዱን አንችልም ለሚሉኝ ደግሞ ወንድማዊ መልሴ ይሄ ነው፦ ደሃ ሆነን በየ20 ቀኑ መግዛትን ነው የማንችለው።

ሳልባጅ ገበያ ላይ የሚገኘውን «ጎሬቴክስ» የሚባለውን ዓይነት ጃኬት የሚያደንቁ ወጣቶች አሉ። ልብሱ መጥፎ አይደለም፤ ውስጡ በጣም ደቃቅ ቀዳዳ ያለው ስስ ሽፋን አለው፣ የውሃ ጠብታ አያስገባም፣ የላብ እንፋሎት ግን ያስወጣል። ነገር ግን እንፋሎቱ የሚወጣው ውጪው ከውስጡ ቀዝቃዛና ደረቅ ሲሆን ነው። በሐምሌ ጣና ላይ ውጪውም ሞቅ ያለ፣ ውጪውም እርጥብ ነው፤ እንፋሎቱ ወዴት ይሄዳል? የዓሣ ስብና ጭቃ ሲነካው ደግሞ ይደፈናል። አሮጌው ላይ ብዙ ጊዜ የውስጥ ልባጡ እንደ ፎረፎር ይረግፋል፣ ወይም እጅ ላይ ይጣበቃል። ርካሽ ካገኛችሁና ውስጡ ካልረገፈ ግዙት፤ ለስሙ ብላችሁ ግን ብር አትጨምሩ። በሞቃት ዝናብ ላብን የሚያስወጣው ክፍት ቦታ ነው፦ ሰፋ ያለ ልክ፣ ብብት ሥር ያሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች፣ ጀርባ ላይ እንደ ክዳን ተደርቦ ከሥሩ ወንፊት ያለው መተንፈሻ።

ይሄንን ደግሞ አባቶቻችን ያውቁት ነበር። ገሳን አስቡት። ከሣርና ከቅጠል የሚታታው ያ ልብስ ከላይ ውሃ ያንሸራትታል፣ ከሥር ክፍት ነው፣ አየር ይገባል፣ ሰው አይታፈንም። «ገሳ ይበቃን ነበር» የሚሉ ሽማግሌዎችን ግን እዚህ ላይ አልከተልም። ገሳ ቆሞ ከብት ለሚጠብቅ ነው። ሁለት እጁን የሚያነሳ ቀዛፊ ገሳው ይንሸራተትበታል፣ የጣና ንፋስ ዝናቡን ከጎን ሲያመጣው አይከላከልለትም፣ ሲርስም ይከብዳል። ጃንጥላስ? ጃንጥላ ታንኳ ላይ የጀልባ ሸራ ነው፤ ንፋሱ ወደፈለገው ቦታ ይወስዳችኋል።

አንድ የረሳነው ነገር ልጨምር። ዓሣ አስጋሪን የሚያርሰው ከሰማይ የሚወርደው ብቻ አይደለም። መረብ ሲነሳ የሚፈሰው ውሃ በቀጥታ ሆድና ጭን ላይ ነው የሚወርደው፣ ያውም ከቅርፊትና ከንፍጥ ጋር። ስለዚህ ብራችሁ ለሙሉ ልብስ ካልደረሰ ከወገብ በታች ያለውን ችላ አትበሉ። ጥሩ አጭር ጃኬትና ሥጋ ሻጮች የሚታጠቁት ዓይነት የላስቲክ ሽርጥ አንድ ላይ ከመጥፎ ሙሉ ልብስ ይሻላሉ። ሽርጡን በአንድ ስበት በሚፈታ ቋጠሮ ከኋላ እሰሩት፤ ጠንካራ ቋጠሮ አትቋጥሩበት። የሞተር ጀልባ ላይ የምትሠሩ ግን ማንጠልጠያ ያለውን ሱሪ ግዙ፤ ጠርዙ ላይ ተደግፋችሁ ስለምትጎትቱ ሆዳችሁ ሁልጊዜ ውሃ ላይ ነው።

ገበያ ስትሄዱ እንግዲህ ቶሎ አትክፈሉ። ልብሱን ልበሱት፣ ቁጢጥ በሉ፣ ሁለት እጃችሁን አንስታችሁ እንደምትቀዝፉ ሁኑ። ሰው ይስቅ፣ ይሳቅ። ጀርባው ከተወጠረ ወይም ወገባችሁ ከተገለጠ አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን ጠይቁ። ጨርቁን በሁለት ጣት አጥፋችሁ በጥፍር ጫኑት፤ ነጭ መስመር ሠርቶ የሚቀር ወይም የሚሰነጠቅ ከሆነ አርጅቷል፣ መጋዘን ውስጥ ከርሟል። የእጅጌውን ጫፍ እዩ፤ ከውስጥ የሚጨብጥ ላስቲክ ከሌለው እጃችሁን ስታነሱ ውሃው እስከ ብብት ይወርዳል። ነጋዴው ከፈቀደ አንድ ብርጭቆ ውሃ ብብቱ ስፌት ላይ አቁራችሁ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ካልፈቀደም ለምን እንዳልፈቀደ መገመት ትችላላችሁ።

ቁልፍና ዚፕን ለብቻ ላንሳ፣ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ደረት ላይ ገልጦ የወጣ ቁልፍ ወይም የብረት ዚፕ ዘለበት መረብ ይይዛል። ታንኳው እየሄደ መረብ ስትጥሉ የመረቡ ዓይን ደረታችሁ ላይ ቢንጠለጠል፣ መረቡን የሚያወርደው ድንጋይ እናንተንም ወደ ጠርዙ ይስባችኋል። ዚፑ ላይ የሚከደን ጨርቅ ያለውን፣ የደረት ኪስ የሌለውን ምረጡ። ቀለሙም ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ይሁን። ጥቁር አረንጓዴ ልብስ በክረምት ጣና ላይ ከውሃው አይለይም፤ ማታ ያልተመለሰ ሰው ሲፈለግ ፈላጊዎቹ ከመቶ ሜትር አልፈውት ሊሄዱ ይችላሉ።

ከውስጥ ምን ይለበስ? ጥጥ አትልበሱ። ጥጥ ውሃ ይይዛል፣ ቶሎ አይደርቅም። ጋቢም ለየብስ ነው። ልጆቻችሁ የሚለብሱት የኳስ ማሊያ ከጥጥ ሸሚዝ ይሻላል፤ ፖሊስተር ስለሆነ ላቡን አይቋጥርም፣ ጨምቃችሁ ብትለብሱት እንኳ ገላ ላይ ይደርቃል። ስልካችሁን ባየር ባልባዘነ ላስቲክ ውስጥ አስራችሁ አንገታችሁ ላይ አድርጉት።

«ወንድ ልጅ ዝናብ አይፈራም» የምትሉም አላችሁ። እሺ፣ አይፍራ። ግን በ1970ዎቹ መጨረሻ የናይለን መረብና የሞተር ጀልባ ወደ ጣና ሲመጡ የመረቡን ዓይነት ለመቀየር ማንም «አባቴ በአሮጌው ነው ያሰገረው» ብሎ አልቆመም። ለመረባችን ስንት ብር እናወጣለን፣ ቢቀደድ ስንት ቀን ተቀምጠን እንጠግናለን። የሚጎትተው ሰው ግን የማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኗል። ይሄ ጀግንነት አይደለም፣ የሒሳብ ስህተት ነው።

የማኅበር መሪዎችና የወረዳ ሰዎችም ይሄን ካነበባችሁ አንድ ቃል፦ በዝቅተኛ ዋጋ ብቻ የሚያሸንፍ ጨረታ አታውጡ፣ በክብደትም አትምረጡ፤ እኛ ያደረግነውን አይታችኋል። በግዢ ሰነዱ ላይ «አጭር ጃኬትና ሱሪ፣ ጨርቅ ያለው፣ ስፌቱ የታሸገ፣ ደማቅ ቀለም» ብላችሁ ጻፉ። አንድ ናሙና ወስዳችሁ ለሁለት ሳምንት ለአንድ ቀዛፊ ስጡት፣ ከዚያ እሱን ጠይቁት። ቢሮ ውስጥ ያለን ሰዎች በእጃችን እየዳሰስን ከምንወስን ያ ሰው ይወስን።

አያያዙን በአጭሩ። ከሥራ ስትመለሱ በንጹሕ ውሃና በትንሽ ሳሙና እጠቡት፤ የዓሣ ስብ ካለቀቀ ልባጡን ይበላል፣ ሽታውም አይጥ ይጠራል። ጥላ ሥር አንጠልጥሉት እንጂ አጥፋችሁ አታስቀምጡት፤ ምድጃ አጠገብም አታድርቁት። ሲቀደድ በመርፌ አትስፉት፣ አዲስ ቀዳዳ እየጨመራችሁ ነው። ቦታውን አጥባችሁ በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጋችሁ ፈትጉና ከተመሳሳይ ልብስ ቁራጭ በጫማ ሠሪ ማስቲሽ ከውስጥም ከውጭም ለጥፉ። ያ የጠቀስኳችሁ አሮጌ ካፖርት ቤታችሁ ካለ ለቁራጭ ይጠቅማል፤ እስከዚያው ግን ለዘበኛ ወይም ለማገዶ ይሁን።

ጃኬት ሕይወት አድን አይደለም። የአደጋ መንሳፈፊያ ጃኬት ያላችሁ ከዝናብ ልብሱ በላይ ልበሱት፣ ከሥሩ አይደለም። የሌላችሁ ክዳኑ በደንብ የተዘጋ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በገመድ ታንኳው ላይ እሰሩ፤ ወደ 20 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ያንሳፍፋል፣ ይዞት የሚቆይን ሰው ጭንቅላት ከውሃ በላይ ለማቆየት በቂ ነው። መብረቅ ሲጀምር ግን የትኛውም ልብስ አይረዳም፤ ነጎድጓድ ከሰማችሁ ወደ ዳር ቅዘፉ። ደግሞ ጥሩ ልብስ ገዛን ብላችሁ ነሐሴና መስከረም የጉማራና የርብ ወንዝ አፍ ላይ መረብ እንዳትዘረጉ፤ ነጭ ዓሣው ሊራባ የሚወጣበት ጊዜ ነው።

አያን ሳገኛቸው ካፖርቱን በወገቡ ላይ ቆርጠው ጃኬት እንዲያደርጉት ልነግራቸው አስቤአለሁ። ጫፉን ማስቲሽ ቀብቶ ማጠፍ ይቻላል፣ መርፌ አያስፈልገውም። እናንተም ያለፈው ዓመት ልብሳችሁ የት ጋ እንደተቀደደ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ ብብቱ ነው፣ የሱሪው መሃል ነው ወይስ ኮፍያው አንገት ጋ? ከየት እንደገዛችሁት ሳይሆን ስንት ቀን እንደቆየላችሁ ጻፉልኝ።